ልጁን ምን አቀመሳችሁት?

ባለፈው እሑድ እህቴ ቤት አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። (ወንድ ነው የወለደችው። አጎት ሆኛለሁ፤ እንኳን ደስ ያለህ በሉኝ።) ቤቱ እንደ ማንኛውም የአራስ ቤት ነው። ገንፎ ገንፎ ይሸታል፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚሉ ሴቶች ይገባሉ ይወጣሉ፤ እኔን የመሰለ ወንድ ደግሞ የት እንደሚቀመጥ ግራ ገብቶት በር ሥር ይቆማል። ልጁ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው።

በዚህ መሐል የእናቴ ታላቅ እህት፣ ሁላችንም "እትዬ" የምንላቸው፣ ከጎጃም ደረሱ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ትንሽ ጀሪካን ነጭ ማር። እህቴን አገላብጠው ሳሙ፣ መረቁ፣ እጃቸውን ታጠቡ (ይህን መመስከር አለብኝ፣ በሳሙና ነው የታጠቡት)፣ የጀሪካኑን ክዳን ከፈቱ፣ ትንሿን ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና ወደ ልጁ አፍ ጎንበስ አሉ።

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ "አንድ ነገር በል!" ይላል። እኔ ጀግናው ወንድም ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። በመጨረሻ ራሷ ተናገረች። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሐኪሙ ምንም እንዳይቀምስ ብሏል።"

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ጣታቸው አየር ላይ እንደቀረ ትንሽ ቆዩና "እናትሽንም አንቺንም ያሳደግሁት በዚችው ጣት ነው" አሉ። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቡናው ተፈላ፤ ተጠጣ። ግን ጨዋታው ቀዘቀዘ። እህቴ ቀኑን ሙሉ ልጁን ከእቅፏ አላወረደችም። ወጥ ቤት ስትገባ እንኳ ይዛው ነው የገባችው። ማታ ስሸኛት (ማለቴ ስትሸኘኝ) "ሥራ ስገባስ? ማን ምን እንደሚያቀምሰው በምን አውቃለሁ?" አለችኝ።

ይህ ጥያቄ ሳምንቱን ሙሉ አላስተኛኝም። እንደ ልማዴ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ከወዲሁ የማሳስባችሁ አንድ ነገር አለ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማሩ እውነት ይጎዳል?

መጀመሪያ የእትዬን ማር ጉዳይ እንጨርስ። መልሱ "አዎ፣ ሊጎዳ ይችላል" ነው። ማር ውስጥ አንዳንድ ጊዜ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለ ባክቴሪያ ዘር ይገኛል። ዘር ያልኩት ባክቴሪያው ለክፉ ቀን ራሱን በጠንካራ ልባስ ጠቅልሎ ስለሚተኛ ነው። አፈር ውስጥም አቧራ ውስጥም አለ። እኛ አዋቂዎች ብንበላው አንጀታችን ውስጥ ለዓመታት የሰፈሩት ደጋግ ባክቴሪያዎች ቦታ አይሰጡትም፤ እንደገባ ይወጣል። የጨቅላ ሕፃን አንጀት ግን ነዋሪ ያልገባበት አዲስ ሰፈር ነው። ዘሩ እዚያ ይበቅልና ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ያመነጫል። ልጁ መጀመሪያ ሆዱ ይደርቃል። ከዚያ ለቅሶው ይደክማል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል፣ አንገቱ ይልፈሰፈሳል። ከባሰም መተንፈስ ያቅተዋል። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ሆስፒታል በጊዜ የደረሰም አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ነገር ግን ማሩን ማፍላት ዘሩን ስለማይገድለው የሐኪሞች ምክር አንድ ነው፤ ልጅ ዓመት እስኪሞላው ማር አይቅመስ።

ዋናው ነገር ይህ መቼ ታወቀ የሚለው ነው። ጨቅላዎችን ለብቻቸው የሚያጠቃ የዚህ በሽታ ዓይነት መኖሩ የታወቀው በ1976 አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። የማር ነገር የተረጋገጠውም ከዚያ ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። 1976 ማለት በእኛ 1968 ዓ.ም.፣ ደርግ ሁለተኛ ዓመቱን የያዘበት ጊዜ ነው። እትዬ ያኔ ሁለት ልጆች ወልደዋል። ማለትም እትዬ ለመጀመሪያ ልጃቸው ማር ሲያልሱ፣ በዓለም ላይ ከሚገኙ የሕፃናት ሐኪሞች ሁሉ አንድም ሰው "ይህ አደገኛ ነው" ብሎ ሊከለክላቸው አይችልም ነበር። ፕሮፌሰሩም እትዬም እኩል አያውቁም።

ይህን ሳነብ ትንሽ አፈርኩ። እኛ ዛሬ በስልካችን በሁለት ደቂቃ ያገኘነውን እውቀት ይዘን፣ ያልነበረውን እውቀት አላወቃችሁም ብለን ነው አሮጊቶችን የምንቆጣው።

ቅቤ እና እንገር

ማሩ ታናሽ ወንድም ነው። ታላቁ ቅቤ ነው። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ልጅ እንደተወለደ፣ ጡት ሳይዝ፣ ትንሽ ለጋ ቅቤ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነበር። ሌላው ቦታ የአብሽ ውሃ፣ ሌላው ዘንድ ስኳር በውሃ ይሰጣል። ምክንያቱን አያቶቻችሁን ብትጠይቁ በቂ መልስ አላቸው፤ አንጀቱን ያለሰልስለታል፣ ጉሮሮውን ይከፍትለታል፣ ከማህፀን ይዞት የመጣውን ጥቁር ዓይነ ምድር ያወጣለታል።

በዚያው መጠን እንገሩ ይደፋል። እንገር ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት ነው። መልኩ ወተት አይመስልም፤ የቆየ፣ የተበላሸ ይመስላል። "ሆዱን ይቆርጠዋል" ተብሎ ታልቦ ይጣላል። ዛሬ የሕክምናው እውቀት የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከሉ ነገሮች የታጨቁበት ስለሆነ የጤና ባለሙያዎች የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ይሉታል። ያንን ጥቁር ዓይነ ምድር የሚያወጣለትም ይኸው እንገር ነው። ቅቤው ሊሠራ የታሰበውን ሥራ፣ የተደፋው ወተት ሳይለመን ይሠራው ነበር። ቅቤው ደግሞ ያልተፈላ ስለሆነ ከጣት፣ ከዕቃና ከወተቱ የመጣ ጀርም ይዞ ይገባል፤ ወደ ሳምባ ከገባም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ጡት መጀመሩንም ያዘገያል።

"ታዲያ እኛ ሁላችን እንዴት አደግን?" የሚል አይጠፋም። እትዬም ያሉት ይህንኑ ነው። ክርክሩ ጠንካራ ይመስላል። አንድ ቀዳዳ ግን አለው፤ ያላደጉት መጥተው አይመሰክሩም። በ2000 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር። ከስድስት ልጆች አንዱ ማለት ነው። በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። እነዚያ ሁሉ በቅቤ ሞቱ እያልኩ አይደለም! ወባ አለ፣ ኩፍኝ አለ፣ ተቅማጥና የሳምባ ምች አለ፣ ረሃብ አለ። "ሁላችንም አድገናል" ስንል ግን "ሁላችንም" የሚለው ቃል ውስጥ የሌሉ ብዙ ልጆች አሉ ለማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ "ጥፋቱ የአሮጊቶች ነው" ብላችሁ ትደመድሙ ነበር። እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አገር ቤቱን ትተን አያት የሌለበት፣ እናት ፋብሪካ የዋለችበት አገር ልውሰዳችሁ።

ዝም የሚያሰኘው ጠርሙስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች፣ እነ ማንችስተር፣ እነ ኖቲንግሃም፣ እናቶችን ገና አራስ ቤት ሳይጠግቡ ወደ ፋብሪካ ይጠሩ ነበር። የወሊድ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ልጁ በትንሽ ክፍያ ለአንዲት የሰፈር አሮጊት ወይም ለአንዲት ትንሽ ልጅ ይተዋል። ያቺ ሴት በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሕፃናት ሰብስባ ትይዛለች። ሁሉም ሲያለቅሱ ምን ታድርግ? መደርደሪያው ላይ "ጎድፍሬይስ ኮርዲያል" የሚባል ጠርሙስ አለ። ጣፋጭ ነው፤ ሞላሰስ አለበት፣ ቅመም አለበት። እና ኦፒየም አለበት።

ይህ ነገር በድብቅ የሚሸጥ እንዳይመስላችሁ። ከመድኃኒት ቤት እስከ ሰፈር ሱቅ በየቦታው ይሸጥ ነበር። እያንዳንዱ ነጋዴ በራሱ ልክ ስለሚቀምመው የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ ሊበረታ ይችላል። ኦፒየሙ ደግሞ ጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጥ የመጨረሻዎቹ ማንኪያዎች ከመጀመሪያዎቹ የበረቱ ናቸው። አንዳንዱ ልጅ ተኝቶ በዚያው ይቀራል። ብዙዎቹ ግን የሚሞቱት ቀስ ብለው ነው። ኦፒየም የወሰደ ልጅ አያለቅስም፤ የማያለቅስ ልጅ ራበኝ አይልም፤ ያልጠየቀ ልጅ አይመገብም። መዝገቡ ላይ "አቅም ማነስ" ተብሎ ይጻፋል።

እዚህ ላይ አንድ ያልጠበቅሁት ሰው ብቅ አለ። ካርል ማርክስ! (አባቶቻችን በዚህ ሰውዬ ምክንያት ስንት ተጋደሉ፤ እኔ ደግሞ በጡት ጉዳይ አገኘሁት።) ማርክስ በ1867 ባሳተመው "ካፒታል" ውስጥ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥጥ ጠፍቶ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በተዘጉ ጊዜ መንግሥት ወደ ሥፍራው የላከው አንድ ዶክተር ያቀረበውን ሪፖርት ይጠቅሳል። ዶክተሩ ያስተዋለው ነገር ይገርማል። እናቶቹ ሥራ አጥተው፣ ተርበው ቤት ሲውሉ፣ ልጆቻቸውን በዚያ ኮርዲያል ከመመረዝ ይልቅ ጡት የሚያጠቡበት ጊዜ አገኙ። ለእናት ክፉ የሆነው የረሃብ ዘመን ለጨቅላው ጡት አመጣለት!

አሁን ጥፋተኛው ማን ነው? ጠርሙሱን የያዘችው አሮጊት ናት? እናቲቱ? ነጋዴው? ወይስ በሦስተኛው ሳምንት ማሽን ላይ ያቆማት ባለ ፋብሪካ? በዘመኑ የነበሩ ጋዜጦችና ባለሥልጣናት ጣታቸውን የሚቀስሩት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ነበር። ድሃ ሴቶች ላይ። ሕጉ የኦፒየምን ሽያጭ መቆጣጠር የጀመረው በ1868 ነው፤ እሱም ቀዳዳው ብዙ ነበር።

አሜሪካም የባሰች እንጂ የተሻለች አልነበረችም። "ሚስስ ዊንስሎውስ ሱዚንግ ሲረፕ" የሚባል፣ ሞርፊን ያለበት የሕፃናት ማስተኛ ከ1849 ጀምሮ ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የምታማምር እናትና የሚስቅ ሕፃን ይታያሉ። ሞርፊን እንዳለበት ጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ያስገደደው ሕግ የወጣው በ1906 ነው። ሃምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጇን የምታስተኛ ሴት ምን እየሰጠች እንዳለች የሚነግራት አልነበረም።

የኒውዮርክ አተላ

አተላ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ኒውዮርክም ታውቀዋለች። በ1850ዎቹ ማንሃተንና ብሩክሊን ውስጥ ከውስኪ ፋብሪካ ጎን ትልልቅ የላም ጋጣዎች ነበሩ። ከፋብሪካው የሚወጣው ትኩስ አተላ በቀጥታ ለላሞቹ ይፈስላቸዋል። ሌላ መኖ የለም፤ ፀሐይ የለም፤ ከታሰሩበት መነቃነቅ የለም። የላሞቹ ጥርስ ይበሰብሳል፤ ጅራታቸው ይረግፋል። የሚታለበው ወተት ቀጭንና ሰማያዊ ዓይነት ስለነበር ነጋዴው ኖራና ዱቄት ጨምሮ ያነጣዋል። ከዚያ ጋሪው ላይ "ንጹሕ የገጠር ወተት" ብሎ ይጽፍበታል።

ያንን ወተት ለሕፃን የሰጠችው ማን ናት? እናት ናት፣ አያት ናት፣ ሞግዚት ናት። በደንብ አስባ፣ ገንዘብ ከፍላ፣ "የገጠር ነው" ብላ ነው የሰጠችው። በ1858 ፍራንክ ሌስሊ የተባለ የጋዜጣ አሳታሚ ሠዓሊዎችን ልኮ ጋጣዎቹን አሥሎ ለሕዝብ አወጣው። ከተማው ተናወጠ። የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ግን "አጣርተው" ሲያበቁ፣ ለጋጣዎቹ ትንሽ አየር ይግባላቸው ከማለት እምብዛም አላለፉም። (የኮሚቴ ነገር የትም አገር አንድ ነው።) ወተቱን የሚከለክለው የክፍለ ግዛቱ ሕግ የወጣው በ1862 ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ማንኪያውን የያዘችው እጅ የመጨረሻዋ እጅ መሆኗን ነው። ከእሷ በፊት ያሉት እጆች አይታዩም።

ነጭ ልብስ ለብሰው የመጡት

"እሺ፣ አያትም አትስጥ፣ ነጋዴም አይስጥ፤ ሐኪም የሚለውን ብቻ እንስማ" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ቀጥሎ ያገኘሁት ታሪክ ግን እዚህም ላይ አስቆመኝ።

ሲሲሊ ዊልያምስ ጃማይካ የተወለዱ ሐኪም ነበሩ። በ1930ዎቹ የዛሬዋ ጋና ውስጥ ሲሠሩ፣ እግራቸው የሚያብጥ፣ ፀጉራቸው የሚቀላ፣ ቆዳቸው የሚላጥ ልጆች ያጋጥሟቸዋል። ሌሎች ሐኪሞች የራሳቸውን ስም ሲሰጡት እሳቸው የአገሬውን ሴቶች ጠየቁ። ሴቶቹ "ክዋሽዮርኮር" አሏቸው። ታናሽ ሲመጣ ጡት የተነጠቀ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። መንስኤው በቃሉ ውስጥ ነበር! ዊልያምስ ስሙን እንዳለ ወስደው በሕክምና መጽሔት አወጡት፤ ዛሬም ዓለም በዚሁ ስም ይጠራዋል።

እኚሁ ሴት በኋላ ወደ ሲንጋፖር ተዛወሩ። እዚያ ያዩት ነገር አስቆጣቸው። የወተት ኩባንያዎች የነርስ ልብስ ያለበሷቸውን ሴቶች በየቤቱ እየላኩ፣ ጡታቸው ወተት የሞላ እናቶችን "የቆርቆሮው ይሻላል" ያስብሉ ነበር። የሚሸጠው ስኳር የበዛበት የታሸገ ወተት ነው። በ1939 ዊልያምስ በከተማዋ የሮታሪ ክበብ ፊት ቆመው "ወተትና ግድያ" በሚል ርዕስ ንግግር አደረጉ። ርዕሱ ራሱ ይናገራል።

ነገሩ ግን አልቆመም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዱቄት ወተት ወደ ድሃ አገሮች በሰፊው ገባ። በአንዳንድ አገሮች በየሆስፒታሉ ነጻ ናሙና ይታደላል፤ እናት ናሙናውን ስትጨርስ የራሷ ወተት ደርቆ ይጠብቃታል። ንጹሕ ውሃ የለም፤ ጡጦ የሚቀቀልበት ማገዶ የለም፤ ጣሳው ውድ ስለሆነ ዱቄቱን በውሃ ታበዛዋለች። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ይራባል፤ ተቅማጥ ይይዘዋል። በ1974 "ዋር ኦን ዋንት" የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት "ሕፃን ገዳዩ" የሚል ትርጉም ያለው ርዕስ የሰጠውን ጽሑፍ አወጣ። በ1977 አሜሪካ ውስጥ ኔስሌ ላይ ምርቱን ያለመግዛት አድማ ተጀመረ። በግንቦት 1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች የሚሸጡበትን ደንብ በ118 ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ አጸደቀ። ብቸኛዋ ተቃዋሚ አሜሪካ ነበረች።

ልብ በሉልኝ፣ እዚህ ታሪክ ውስጥ "ጡት አጥቢ፣ ይሄ የጣሳ ነገር ይቅርብሽ" የምትል አያት ብትኖር ኖሮ ትክክለኛዋ እሷ፣ የተሳሳተው ነጭ ልብስ የለበሰው ነበር። የዱቄት ወተት መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። ጡት ማጥባት ላልቻለች፣ ወይም እናቱን ላጣ ልጅ፣ በንጹሕ ውሃና በልኩ ከተዘጋጀ ሕይወት ነው። ጥፋቱ የነበረው በሽያጩ ውስጥ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ

እኛ ዘንድስ? ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሕፃን ምግብ የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር። በስዊድን ድጋፍ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። "ፋፋ" የወጣው ከዚያ ነው። ስንዴውን፣ ጥራጥሬውን፣ የወተት ዱቄቱን አዋህደው፣ ስሙን ደግሞ ማንም እናት በማትስተው ቃል ሰየሙት። ልጁ ይፋፋ!

የቅቤውና የእንገሩ ነገር ግን በፋብሪካ የሚፈታ አልነበረም፤ ቤት ለቤት መሄድን ይጠይቅ ነበር። ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሰማሩ። አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ለባልቴቷ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ። በ2011 ጥናት ለጨቅላ ልጅ ጡት ከማስያዝ በፊት ሌላ ነገር መስጠት 27 በመቶ ነበር፤ በ2016 ግን 8 በመቶ ሆኗል። አምስት ዓመት! ለዘመናት የኖረ ልማድ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲወርድ ማየት ቀላል አይደለም። እኛ ከተሜዎቹ "ማይለወጡ" የምንላቸው አያቶች የሚያከብር ሰው ሲነግራቸው ይሰማሉ ማለት ነው።

ታዲያ የእህቴ ጥያቄ አሁንም መልስ አላገኘም። "ሥራ ስገባስ?"

የጤና ባለሙያዎች ልጅ እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጡት ሌላ ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ ይመክራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ለወለደች ሴት የሚሰጣት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ከቀድሞው አዋጅ በ30 ቀን የተሻለ ነው፤ ይመስገን። ግን ስድስት ወር 180 ቀን ገደማ ነው። ቀሪውን ሦስት ወር ማን ይሙላው?

የሚሞሉት ሁለት ሴቶች ናቸው። አያት ወይም ሞግዚት። ሞግዚቷ በብዛት ከገጠር የመጣች ወጣት ናት፤ ይኸው አዋጅ የቤት ሠራተኛን ስለማይመለከት እሷ ራሷ ብትወልድ 90 ቀኑም የላትም። ምናልባትም የራሷን ልጅ ለእናቷ ትታ ይሆናል የመጣችው። እዚያ ደግሞ አያትየው ለዚያ ልጅ ምን እያቀመሱት ይሆን? እኛ ካሜራ እንግጠም አንግጠም እያልን የምንጨነቅባት ልጅ፣ እሷም በበኩሏ ማታ ማታ የምትጨነቅበት ልጅ ሊኖራት ይችላል። የማንችስተሩ ፋብሪካ ታሪክ ሲነበብ ሩቅ ይመስላል። የሚዘገንነው የቅርብ መሆኑ ነው።

እህቴ መጨነቋ ትክክል ነው። ስጋቷ የአራስ ብስጭት ወይም የከተሜ ቅብጠት አይደለም። ያ ሁሉ የሞተ ልጅ ታሪክ ከኋላው አለ። ግን ስጋቱን የምናራግፈው ሁልጊዜ በቀረበችው ሴት ላይ ነው፤ በአማት፣ በአያት፣ በሠራተኛ። ቀን ቆጥሮ ከልጇ የነጠላት ሕግ፣ ሕፃን ማቆያ የሌለው መሥሪያ ቤት፣ ወተት የሚያቀጥነው ነጋዴ ፊት ለፊታችን ስለማይቀመጡ አንቆጣቸውም።

እትዬ እስከ ረቡዕ እህቴ ቤት ነበሩ። ማክሰኞ ማታ ተመልሼ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አላየሁም። ያነበብኩትን ሁሉ፣ ዘሩን፣ መርዙን፣ በ1968 ዓ.ም. መታወቁን፣ ከዚያ በፊት ትልልቆቹ ሐኪሞች ራሳቸው የማያውቁት እንደነበር ነገርኳቸው። ያዳመጡኝ ጥጥ እየፈተሉ ነው። ስጨርስ ለብዙ ጊዜ ዝም አሉ።

"እኔ ሦስት ቀብሬያለሁ" አሉ በመጨረሻ። "አንዱ አርባው ሳይደርስ፣ ክርስትና ሳይነሣ። በምን እንደሞተ ማን ነገረኝ? ሲወጋው ነው አሉኝ፣ ዓይን ነው አሉኝ። በል አሁን እንደነገርከኝ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ እንቢ እል ነበር?"

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ይህችን ሴት ሠላሳ ዓመት አውቃታለሁ፤ ሦስት ልጅ መቅበሯን አላውቅም ነበር። ማንም ጠይቋት አያውቅም። (ይኸው ደንግጬ "አንቺ" አልኳቸው።)

ረቡዕ ጠዋት ማሩ ተከፈተ። ግማሹ እህቴ ገንፎ ላይ ፈሰሰ፤ ቀሪው ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሎ የልጁን ልደት ይጠብቃል። እትዬ ሲሄዱ እህቴን ጠርተው "ሥራሽን ስትገቢ ጥሪኝ፤ መጥቼ እይዘዋለሁ። የምትይውን ብቻ ነው የምሰጠው" አሏት። እህቴ አለቀሰች።

መልካም ነው። ግን እትዬ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ከዘራ ይዘው ነው የሚሄዱት። እህቴ ዛሬ ቀን ስትቆጥር 62 ቀርቷታል።